የእግር ሐጅና የባልንጀራ ሐቅ

ሐጅ የጉዞ ዒባዳ ነው። አላህ (ሱ.ወ.) ነቢዩ ኢብራሂም (ዐ.ሰ.) ሰዎችን ወደ ሐጅ እንዲጠሩ ባዘዘበት በሱረቱል ሐጅ 27ኛ አንቀጽ፣ ጥሪውን ሰምተው ከሚመጡት መካከል በቅድሚያ የተወሱት እግረኞች ናቸው፤ በግመል የሚመጡት የተጠቀሱት ከእነርሱ ቀጥሎ ነው። በእግር ወደ መካ መሄድ በሙስሊሞች ዘንድ ሲከበር የኖረውም ያለ ምክንያት አይደለም። ሆኖም አንድ ጥያቄ ማንሳት ይገባናል። በእግር ሐጅ አጅር የሚያስገኘው የሰውነት ድካሙ ብቻ ነውን?

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ለዚህ ግልጽ መልስ ሰጥተዋል። አነስ (ረ.ዐ.) ባስተላለፉት ሐዲስ፣ አንድ ሽማግሌ በሁለት ልጆቻቸው ተደግፈው እየተንገዳገዱ ሲሄዱ ነቢዩ ያዩና ነገሩን ይጠይቃሉ። ሽማግሌው በእግራቸው ለመሄድ ስለት እንደተሳሉ ይነገራቸዋል። ነቢዩም ይህ ሰው ራሱን ቢያሰቃይ አላህ ከስቃዩ የሚሻው ነገር እንደሌለ ገልጸው፣ እንዲጋልቡ አዘዙ። እንግዲህ ስቃይ በራሱ ዒባዳ አይደለም። የሚችል ይራመዳል፤ ያልቻለ ይሳፈራል።

የእግር ጉዞ ትልቁ ትምህርት አብሮ በመሄድ ውስጥ ነው። ሦስት ሰዎች ለጉዞ ሲወጡ አንዱን አሚር አድርገው እንዲሾሙ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ማዘዛቸውን አቡ ዳውድ ዘግበዋል። አሚሩ ምን ዓይነት ሰው መሆን እንዳለበትም ከነቢዩ ሥራ እንማራለን። በጉዞ ላይ እርሳቸው ወደ ኋላ ይቀሩ ነበር። የደከመውን ያበረታታሉ፤ እግረኛውን ከኋላቸው ያፈናጥጣሉ፤ ዱዓም ያደርጉላቸዋል። መሪ ማለት ፈጥኖ ቀድሞ የሚደርስ የሚመስለን ሰዎች ይህን ልናጤን ይገባል።

ታሪካችንም በዚህ መንፈስ የተሠሩ ሥራዎችን ያሳየናል። ከኢራቋ ኩፋ ተነሥቶ እስከ መካ 1,400 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚዘልቀው ጥንታዊ የሐጅ መንገድ «ደርብ ዙበይዳ» ይባላል። ስያሜው እ.ኤ.አ. በ831 ካረፉት ከኸሊፋው ሃሩን አር-ረሺድ ባለቤት ከዙበይዳ የመጣ ነው። በረሃውን ሊሻገር የቻለው እግረኛ፣ በመንገዱ ላይ በተቆፈሩት ጉድጓዶች፣ የዝናብ ውኃ በሚያጠራቅሙት ብርካዎችና በማረፊያዎቹ ረዳትነት ነው። የማያውቁትን ሐጃጅ ጥም አስቀድሞ ማሰብም የባልንጀርነት ሐቅን መወጣት ነው።

ዛሬ አብዛኛው ሐጃጅ በአውሮፕላን ይመጣል። ነገር ግን እግረኝነቱ አልቀረም። ዐረፋ ከመካ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። በሚና፣ በዐረፋና በሙዝደሊፋ መካከል እጅግ ብዙ ሕዝብ በእግሩ ይጓዛል። ይህ መንገድ ቀልድ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1990 በአንድ የእግረኞች ዋሻ ውስጥ በተፈጠረ መጨናነቅ 1,426 ሰዎች ሞተዋል። በ2024 ሐጅ ደግሞ በመስጂደል ሐራም የሙቀቱ መጠን 51.8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ደርሶ ነበር። የሳዑዲ መንግሥት የሟቾቹን ቁጥር 1,301 ብሎ ሲያስታውቅ፣ ከመቶ 83ቱ የሐጅ ፈቃድ ያልነበራቸው መሆናቸውንና በቂ መጠለያ ሳይኖራቸው በጠራራ ፀሐይ ረጅም መንገድ መጓዛቸውን ገልጿል።

አላህ ሟቾቹን ይዘንላቸው፤ እኛ በእነርሱ ላይ ለመፍረድ አልተነሣንም። ነገር ግን «ፈቃድ ባይኖርህም ና፣ አላህ ያውቃል» እያለ ባልንጀራውን የሚገፋፋ ሰው ተወኩልን በትክክል ተረድቶታል ለማለት ያስቸግራል። ኢብኑ ዐባስ (ረ.ዐ.) እንደተናገሩት፣ ከየመን ሰዎች አንዳንዶቹ «እኛ በአላህ ተመኪዎች ነን» እያሉ ያለ ስንቅ ለሐጅ ይመጡና መካ ሲደርሱ ሰው ይለምኑ ነበር። በዚህም ሳቢያ ስንቅ መያዝን የሚያዝዘው የሱረቱል በቀራ 197ኛ አንቀጽ ወረደ። በዘመናችን ፈቃድም፣ ድንኳንም፣ ትራንስፖርትም ስንቅ ናቸው።

ስለዚህ አብራችሁ ለሐጅ የምትወጡ ወንድሞችና እኅቶች፣ ከአገራችሁ ሳትነሡ ተመካከሩ። አሚር ምረጡ። አካሄዳችሁን በጠንካራው ሳይሆን በደካማው ልክ አድርጉት። ብትጠፋፉ የምትገናኙበትን ቦታ አስቀድማችሁ ወስኑ። ውኃና ጃንጥላ ከእጃችሁ አይለዩ። አረጋውያን በእግር ካልሄድን ብለው ቢያስቸግሩ የሽማግሌውን ሐዲስ አስታውሷቸው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ከቤተሰባቸው ደካማ የሆኑት ከሙዝደሊፋ በሌሊት ቀድመው እንዲወጡ መፍቀዳቸውንም አትርሱ። ከዐረፋ ሲመለሱ ለሚጣደፈው ሕዝብ ይሰጡት የነበረው ትእዛዝ ደግሞ ተረጋጉ የሚል ነበር።

ባልንጀራውን ከኋላው ጥሎ ጀመራት የደረሰ ሰው ጠጠሩን ወርውሮ ይሆናል፤ የጓደኛው ሐቅ ግን ከአንገቱ አልወረደም። አላህ በመንገድ የማይጣሉ ባልንጀሮችን ይስጠን፤ እኛንም እንደዚያው ያድርገን። አሚን።