ኤክስፔል፦ «ተባረረ» ወይስ «ታገደ»?



የዛሬው ቃላችን ኤክስፔል የሚለው የእንግሊዝኛ ግሥ ነው። «አማርኛ ልንማር መጥተን እንግሊዝኛ ምን አመጣው?» ትሉኝ ይሆናል። ምክንያት አለኝ። አንዲት እናት አንድ ቀን ማታ እያለቀሱ ደወሉልኝ። ልጃቸው ከመደበኛ ትምህርት ቤቱ ደብዳቤ ይዞ መጥቶ፣ «ምን ይላል?» ቢሉት «ተባረርኩ» አላቸው። ደብዳቤውን በስልክ ፊደል በፊደል አስነበብኳቸው። ቃሉ ኤክስፔል አልነበረም፤ ሰስፔንድ ነበር፣ ያውም ለ3 ቀን! ልጁ አልዋሸም፤ የሚያውቀው የአማርኛ ቃል «ተባረረ» ብቻ ስለነበር ነው። እናትየው ግን ባይደውሉ ኖሮ ሌሊቱን እንቅልፍ አጥተው ሊያድሩ ነበር።

እስቲ ቃሉን እንበትነው። ኤክስፔል ከላቲን የመጣ ነው። «ኤክስ» ማለት «ወደ ውጭ»፣ «ፔሌሬ» ማለት ደግሞ «መግፋት፣ መንዳት» ነው። ሲገጣጠሙ «ገፍቶ ማስወጣት» ይሆናል። ወደ እንግሊዝኛ የገባው በ14ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ግድም ነው። «ኤክስ»ን በር ላይ ከተጻፈው ኤግዚት ታውቁታላችሁ። የሁለተኛው ክፍል ዘመዶች ግን ብዙ ናቸው። ሪፔል ወደ ኋላ ገፋ ማለት ነው (ለትንኝ የምንቀባው ሪፔለንት ከዚህ ነው)፤ ፕሮፔል ወደ ፊት ገፋ ነው፤ የአውሮፕላኑን ፕሮፔለር አስቡ። ኮምፔል ደግሞ አስገደደ። ሐኪም እጃችሁን ይዞ የሚቆጥረው ፐልስም ከዚሁ ቤት ነው። እኔን በጣም የገረመኝ ግን በር ላይ የሚጻፈው ፑሽ በፈረንሳይኛ በኩል ዞሮ የመጣ የዚሁ ቤተሰብ ልጅ መሆኑ ነው። «ስፔልስ?» ብላችሁ እንዳትጠይቁኝ፤ ድምፁ ተመሳሰለ እንጂ ዘመድ አይደለም።

አጻጻፉንም ተጠንቀቁ። ኤክስፔል መጨረሻው ላይ አንድ «ኤል» ብቻ አለው፤ ኃላፊ ጊዜ ሲሆን ግን ሁለት ይሆናል። ስሙ ኤክስፐልሽን ሲሆን «ኢ» የነበረው ወደ «ዩ» ይለወጣል፣ ልክ እንደ ፐልስ።

አሁን ወደ አማርኛችን እንምጣ። «አባረረ» ሰፊ ቃል ነው። ውሻ ድመት ያባርራል፣ እኛ ዝንብ እናባርራለን፣ አሠሪ ሠራተኛ ያባርራል። እንግሊዝኛው ግን ለእነዚህ ሁሉ ኤክስፔል አይልም። ውሻው ቼዝ ያደርጋል፣ ሠራተኛው ፋየር ይደረጋል። «አባቴ ከሥራ ኤክስፔል ተደረገ» ብትሉ ጓደኞቻችሁ ይስቁባችኋል። በተቃራኒው ደግሞ ሳንባ አየር ሲያወጣ እንግሊዝኛው ኤክስፔል ይላል፤ እኛ ግን «ትንፋሹን አባረረ» አንልም፣ «አስወጣ» እንላለን። አንዱን ቃል ባንዱ ቃል ብቻ መተካት የሚያሳስተው ለዚህ ነው።

በታሪክ መጻሕፍትም ታገኙታላችሁ። የጎንደርን ግንብ ያሠሩት፣ እ.ኤ.አ. በ1632 የነገሡት ዐፄ ፋሲል ኢየሱሳውያን የሚባሉትን የካቶሊክ ሚስዮናውያን ከአገር አስወጥተዋል። ስለዚህ በእንግሊዝኛ ስታነቡ የምታገኙት ግሥ ይኸው ኤክስፔል ነው። እዚህ ላይ «አስወጡ»ም «አባረሩ»ም ያስኬዳል።

ሰስፔንድስ? የላቲን ሥሩ «ማንጠልጠል» ነው። ሱሪ በትከሻ የሚያንጠለጥለውን ሰስፔንደር አስታውሱ። የታገደ ተማሪ ለጊዜው ተንጠልጥሎ ይቆያል እንጂ አልተባረረም፤ ቀኑ ሲያልቅ ይመለሳል። በአማርኛ «ታገደ» በሉ።

ውድ ወላጆች፣ እንዲህ ያለ ደብዳቤ ሲመጣ ልጁን ብቻ አስተርጓሚ አታድርጉት። የራሱን ጥፋት ለእናቱ እንዲተረጉም መጠየቅ ከባድ ሸክም ነው። ትምህርት ቤቱን አስተርጓሚ ጠይቁ። ሌላም ልታውቁት የሚገባ ነገር አለ፤ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1975 ጎስ እና ሎፔዝ በሚባለው ክስ እንደወሰነው፣ የመንግሥት ትምህርት ቤት ተማሪን ለ10 ቀን ወይም ከዚያ በታች ሲያግድ እንኳ በምን እንደተከሰሰ ሊነግረው፣ እሱም በኩሉ የሆነውን እንዲናገር ዕድል ሊሰጠው ይገባል። ኤክስፐልሽን ከሆነማ ነገሩ ከዚህም የከበደ ስለሆነ ደብዳቤውን ይዛችሁ ቶሎ ሰው አማክሩ።

የቤት ሥራ ለሚቀጥለው ቅዳሜ፦ ባዶውን ቦታ «አባረረ»፣ «ተባረረ»፣ «አስወጣ» ወይም «ታገደ» በሚሉት ቃላት ሙሉ።

1. ዋናተኛው ከውኃው ብቅ ሲል ትንፋሹን ______።
2. ውሻችን የጎረቤቱን ድመት እስከ አጥሩ ድረስ ______።
3. ተጫዋቹ በቀይ ካርድ ከሜዳ ______፤ ከዚያም ለ3 ጨዋታ ______።

ሦስተኛው ላይ ከቤተሰብ ጋር መከራከር ይፈቀዳል።