ውሃ የሞላው የማዕድን ጉድጓድ

ማረሻ ዝናብ ላይ ካደረ ይዝጋል። የሚያዝገው ውሃው ብቻ አይደለም፤ አየሩም ነው። የማዕድን ጉድጓድ ውሃም የሚበላሸው በዚሁ መንገድ ነው።

በብዙ የማዕድን ቦታ ወርቅ የሚመስል ድንጋይ አለ። ፓይራይት ይባላል። በውስጡ ብረትና ድኝ አለበት። ተቀብሮ ሳለ ጉዳት የለውም። ሰው ቆፍሮ ለአየርና ለውሃ ሲያጋልጠው ግን ይዝጋል፤ ከድኙም አሲድ ይወጣል። አሲዱ መዳብና ዚንክ እያሟሟ ውሃውን ይመርዛል። እንዲህ ያለ ውሃ ኩልል ብሎ ሊታይ ይችላል። ቢያፈሉትም መርዙ አይለቅም፤ ማፍላት መዳብን አያወጣምና።

በአሜሪካ አገር፣ በሞንታና ክፍለ ሀገር፣ ቢዩት የምትባል የመዳብ ከተማ አለች። እዚያ በርክሌይ የተባለው ሰፊ ጉድጓድ በ1982 በፈረንጅ አቆጣጠር የውሃ መሳቢያው ሞተር ሲቆም መሞላት ጀመረ። በ1995 ሐይቅ መስሏቸው ያረፉበት 342 ዝዮች ሞቱ።

እዚያው ከተማ ኦርፋን ቦይ የሚባል ሌላ የተተወ ጉድጓድ አለ። ውሃው የገማ እንቁላል ይሸታል፤ በውስጡ የሟሟው መዳብ ግን ጥቂት ነው። ይህ እንዴት ሆነ? ውሃው ድንጋዩን ፈጽሞ ሲሸፍነው አየር አይደርስበትም፤ ዝገቱም ይገታል። አሲድ የሚያበርዱ ድንጋዮችም አሉ። ትልቁን ሥራ የሚሠሩት ግን በዓይን የማይታዩ ተሕዋስያን ናቸው። እነዚህ አየር አይፈልጉም። የበሰበሰ እንጨትና የመሳሰለውን እየበሉ፣ ውሃው ውስጥ ካለው የድኝ ጨው ያን የሚገማ ጋዝ ያወጣሉ። መዳቡና ዚንኩ ከጋዙ ጋር ተዋሕደው እንደ ጭቃ ወደ ታች ይዘቅጣሉ። ረግረግ ስትረግጡ ጥቁር ጭቃ እየገማ ይወጣ የለም? እሱም የእነዚሁ ሥራ ነው። ጋዙ ግን በዝግ ጉድጓድ ሰው ይገድላል፤ መግባት አይገባም።

በ1994 ባለሙያዎች እዚያው ሞንታና፣ ኤሊስተን አጠገብ፣ በአንድ የተተወ ጉድጓድ ውስጥ የከብት ፍግና የእንጨት ፍቅፋቂ አወረዱ። እኛ ማሳ ላይ የምንበትነው ፍግ ለተሕዋስያኑ ቀለብ ሆነ ማለት ነው። በውሃው የነበረው መዳብና ዚንክ በጣም ቀነሰ።

ነገሩ ጊዜ ይፈልጋል፤ በየቦታውም አይሳካም። በርክሌይ ላዩ ክፍት ስለሆነ አየር ያገኘዋል፤ በራሱ አልጠራም። ከ2019 ጀምሮ ውሃው እየተሳበ፣ በፋብሪካ ኖራ ተጨምሮበት ከተጣራ በኋላ ወደ ወንዝ ይለቀቃል።