የምግብ ዝግጅት ውድድር በቀበሌ ማሰልጠኛ ማዕከል፦ አዘጋጆች ከዕቅድ እስከ ክትትል ማድረግ ያለባቸው

የትምህርቱ ዓላማ፦ ውድ ሞዴል አርሶ አደሮች፣ ይህን ትምህርት ስትጨርሱ ከልማት ጣቢያ ሠራተኛውና ከጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ጋር ሆናችሁ የምግብ ዝግጅት ውድድር ማቀድ፣ በፍትሐዊነት ማካሄድና ውጤቱን እስከ ቤት ድረስ መከታተል ትችላላችሁ። ለምሳሌነት የወሰድነው ብርቱካናማ ስኳር ድንችን ነው።

1. ውድድሩ ለምን ያስፈልጋል?

አዲስ ሰብል ማሳ ላይ መድረሱ ብቻ ለውጥ አያመጣም። ብርቱካናማ ስኳር ድንች በቫይታሚን ኤ ምንጭነቱ ይታወቃል። ነጩ ግን ይህ የለውም ማለት ይቻላል። የቫይታሚን ኤ እጥረት የሕፃናትን በሽታ የመቋቋም አቅም ያዳክማል፤ ሲብስም ለዳፍንት ይዳርጋል። ሰብሉን የሚያመርት ቤተሰብ ግን አብዛኛውን ወደ ገበያ ወስዶ ለልጁ ሽሮ ብቻ የሚያቀርብ ከሆነ ጥቅሙ በጓሮው በኩል አልፎ ሄደ ማለት ነው።

መንግሥት በ2007 ዓ.ም. ይፋ ባደረገው የሰቆጣ ቃል ኪዳን ከሁለት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትን መቀንጨር እስከ 2022 ዓ.ም. ለማስቀረት ግብ ተይዟል። ይህ ግብ የሚሳካው ወይም የሚከሽፈው በየቤቱ ምድጃ ላይ ነው። ስለዚህ የውድድሩ ዋና ጥያቄ «ማን ጣፋጭ ወጥ ሠራ?» ሳይሆን «ነገ ጎረቤቷ በራሷ ቤት፣ በራሷ ዕቃ ልትሠራው የምትችለውን ጠቃሚ ምግብ ማን አሳየን?» የሚለው ነው። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ከዚህ ጥያቄ የሚወጣ ነው።

2. ከውድድሩ በፊት

ሀ. ቀኑን መምረጥ። የገበያ ቀንንና የአጨዳና የውቂያ ሰሞንን አስወግዱ። በጾም ወቅት ከሆነ ሁሉም ምግብ የጾም ይሁን፤ አለዚያ ዳኛውም ተመልካቹም አይቀምስም። በፍስክ ወቅት እንቁላልና ወተት መፍቀድ ይቻላል። ሥጋ ግን አታካትቱ፤ በእርድ ምክንያት ክርስቲያኑና ሙስሊሙ ከአንድ ገበታ ሳይቀምሱ ይለያያሉ። በረመዳን ጾም አታካሂዱ። ጥር ላይ ካሰባችሁ ሠርግ እንዳይደርብባችሁ አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ለ. ተወዳዳሪዎች። ስድስት ቡድን በቂ ነው፤ ከዚያ በላይ ሲሆን ዳኛው ጣዕም መለየት ያቅተዋል። እያንዳንዱ ቡድን ሦስት ሰው ይኑረው፤ ቢያንስ አንዱ ወንድ ይሁን። ወንዱ ውሃ ለመቅዳት ብቻ ሳይሆን ለመላጥ፣ ለመክተፍና ለማማሰልም ነው። ሰብሉ ይሸጥ ወይስ ይበላ ብሎ የሚወስነው ብዙ ጊዜ አባወራው ስለሆነ ጥቅሙን በእጁ ሠርቶ ማየት አለበት። በሞዴልነት የታወቁትን ብቻ አትምረጡ። ትንሽ ማሳ ያላት እማወራ ስትሠራው ያየ ሰው «ይህማ የባለሀብት ምግብ ነው» ብሎ አያልፈውም።

ሐ. እኩል መነሻ። ለእያንዳንዱ ቡድን የሚከተለውን እየመዘናችሁ ስጡ፦
– ብርቱካናማ ስኳር ድንች 3 ኪሎ
– ካደረ ጀምሮ ውሃ ውስጥ የተዘፈዘፈ ቦሎቄ 1 ኪሎ
– ጎመን 1 ኪሎ
– የምግብ ዘይት 5 የሾርባ ማንኪያ፣ አዮዲን ያለው ጨው
– የተመዘነ ማገዶ 5 ኪሎ

ከዚህ ውጭ ቡድኑ ከጓሮው እስከ ሦስት ዓይነት ነገር ማምጣት ይችላል። ዘይቱን መመጠን ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ነገር ግን ገደብ በሌለበት ውድድር ዘይትና ቅቤ ያፈሰሰው ያሸንፋል። ያንን ወጥ ደግሞ በማግስቱ ቤቷ የምትደግመው የለችም።

3. ዳኞችና መስፈርት

አምስት ዳኞች ይበቃሉ፦ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ፣ የልማት ጣቢያ ሠራተኛው፣ ሁለት ሕፃን ያላቸው እናቶችና አንድ አባወራ። ማንኛውም ዳኛ የተወዳዳሪ ቤተ ዘመድ፣ አበ ልጅ ወይም የቅርብ ጎረቤት አይሁን። የተወዳዳሪ አማች በዳኝነት የተቀመጠበት ውድድር አይቻለሁ፤ አሸናፊዋ ሙያዋ የተመሰከረላት ብትሆንም ሰው ስለ ስኳር ድንቹ ሳይሆን ስለ ዝምድናው እያወራ ተበተነ። በሚቀጥለው ጊዜ ተወዳዳሪ ማግኘት ከባድ ሆነ። ሽልማቱ ትንሽ ቢሆንም በአገር ሰው ፊት መዳኘት ትንሽ ነገር አይደለም።

መስፈርቱ ከመቶ እንደሚከተለው ይያዝ፦
– ለሕፃናትና ለቤተሰብ ያለው የምግብ ጥቅም ..... 30
– በአካባቢ ከሚገኝና ርካሽ ከሆነ ነገር መሠራቱ ..... 20
– ጣዕምና መልክ ..... 20
– ንጽሕና ..... 15
– ማገዶና ጊዜ መቆጠቡ ..... 15

መስፈርቱን ለተወዳዳሪዎች ከሳምንት በፊት አንብቡላቸው። የሚዳኙበትን የማያውቁ ሰዎች በሚያውቁት፣ ማለትም በጣዕም ብቻ ይወዳደራሉ።

4. በውድድሩ ዕለት

ጠዋት ዕጣ አውጥታችሁ ለየቡድኑ የምድጃ ቦታና ቁጥር ስጡ። የማብሰያው ጊዜ ሁለት ሰዓት ነው። ንጽሕናና ማገዶ መታየት ያለበት በሥራ ላይ ስለሆነ ለእነዚህ ሁለት መስፈርቶች አንድ ዳኛ መድቡ፤ እሱ ቅምሻ ላይ ነጥብ አይስጥ። የቀሩት አራቱ ራቅ ብለው ይቆዩ፤ ምግቡ በቁጥር ብቻ ይቅረብላቸው። የተረፈው ማገዶ መልሶ ይመዘን።

ሁሉም ተመሳሳይ ሳህን ይጠቀም። እንጀራ ካስፈለገ ከአንድ ቤት የተጋገረ ይሁን፤ ጥሩ እንጀራ ደካማ ወጥን ይሸፍናልና። ዳኞች በየመሐሉ ውሃ ይጎንጩ፤ ነጥባቸውንም ሳይነጋገሩ ይጻፉ። የአራቱ ነጥብ አማካይ ከ70፣ የአንዱ ነጥብ ከ30 ተይዞ ይደመር።

በማብሰሉ ጊዜ ተመልካቹ ሥራ አይፍታ። ባለሙያዋ ምድጃ ለምድጃ እየዞረች የሚከተለውን ታስረዳ፦

– ስኳር ድንች ከነልጣጩ ቢቀቀል ይመረጣል። ጥቂት ዘይት ሲጨመርበት ሰውነት ቫይታሚን ኤውን በተሻለ ይወስደዋል።
– «ሴት ሲበዛ ጎመን ጠነዛ» ይባላል። ጎመኑ የሚጠነዛው ግን በሴት ብዛት ሳይሆን በውሃ ተሞልቶ ረጅም ሰዓት ሲቀቀል ነው። ታጥቦ፣ ተከትፎ፣ በመጨረሻ ገብቶ ቶሎ ይውጣ።
– የቦሎቄው መዘፍዘፊያ ውሃ ይደፋ፤ በአዲስ ውሃ እየተንተከተከ በጣት ሲጫኑት እስኪፈርስ ይብሰል። በደንብ ያልበሰለ ቦሎቄ ያስመልሳል።
– አዮዲን ያለው ጨው ምግቡ ሊወጣ ሲል ይጨመር።
– ዕድሜው ስድስት ወር ለሞላው ሕፃን ስኳር ድንቹና ቦሎቄው አንድ ላይ ተድጦ፣ ከማንኪያ ቶሎ የማይፈስ ሆኖ ይሰጥ። የእናት ጡት ግን አይቋረጥ።

ቡና መፈላቱ አይቀርም፤ ደስ ይላል። ነገር ግን ከምግቡ ጋር ወይም ወዲያው ሲጠጣ በቦሎቄውና በጎመኑ ያለውን ብረት ሰውነት እንዳይወስደው ያደርጋል። አንድ ሰዓት ያህል ቆይቶ ይቅረብ፤ ምክንያቱንም ንገሯቸው። ሎሚ ወይም ቲማቲም ግን ብረቱን ለመውሰድ ይረዳል።

5. ጥንቃቄ

የሻገተ በቆሎ ወይም ለውዝ ይዞ የመጣ ቡድን እንዲቀይር አድርጉ፤ የሻጋታ መርዝ በመቀቀል አይጠፋም። የእጅ መታጠቢያ ውሃና ሳሙና ከምድጃው አጠገብ ይኑር። ሕፃናት ከእሳት የሚርቁበት ቦታ ከልሉ፤ አንድ ጠባቂም መድቡ። የበሰለው በዚያው ቀን ይበላ፤ ወደ ቤት አይወሰድ።

6. ሽልማትና ክትትል

ውጤት ስትናገሩ ደረጃ ብቻ አትጥሩ። አንደኛው ለምን አንደኛ እንደሆነ፣ ሌሎቹም እያንዳንዳቸው የበለጡበትን ነገር ግለጹ። አዝኖ የሄደ ተወዳዳሪ ምግቡን ዳግም አይሠራውም።

ሽልማቱ ሥራውን የሚያስቀጥል ይሁን። ለምሳሌ 200 የስኳር ድንች ቁራጭ ሐረግ በመደብ መካከል 60፣ በተክል መካከል 30 ሳንቲ ሜትር ተራርቆ ሲተከል 36 ካሬ ሜትር ጓሮ ይሸፍናል። ለሁሉም ተወዳዳሪ ጥቂት ሐረግ ይድረስ፤ አሸናፊው ብዛት ይጨመርለት።

የአሸናፊዎቹ አሠራር በአንድ ገጽ ተጽፎ በማዕከሉ ይለጠፍ፤ ለየልማት ቡድኑም ይነበብ። ከዚያ በሁለተኛውና በስድስተኛው ሳምንት እናንተ ሞዴል አርሶ አደሮች እያንዳንዳችሁ አምስት ጎረቤት ጠይቁ፦ «ሠራችሁት? ልጆቹ በሉት? ምን አስቸገራችሁ?» ውድድሩ ጥሩ ነበር የምንለው በዕለቱ በተሰበሰበው ሕዝብ ብዛት ሳይሆን በዚህ መልስ ነው።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. በቀበሌያችሁ ተመርቶ ከቤት ገበታ የማይቀርብ ሰብል የትኛው ነው? ምክንያቱስ?
2. በመጪዎቹ ሦስት ወራት ለውድድር የሚመች ቀን የትኛው ነው?
3. ከተወዳዳሪ ጋር ዝምድና የሌላቸው አምስት ዳኞች ከየት ማግኘት ይቻላል?

መልሶቻችሁን ጽፋችሁ በሚቀጥለው የሥልጠና ቀን ይዛችሁ ኑ፤ የውድድሩን ዕቅድ ከዚያ ተነስተን አብረን እናዘጋጃለን።