የእንቁጣጣሽ ሥዕል

ጳጉሜን አምስት፣ በየአራተኛው ዓመት ደግሞ ስድስት ቀናት ብቻ ያሏት አጭር ወር ናት። ይሁን እንጂ በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞች ለሚኖሩ ብዙ ልጆች ፋታ የማትሰጥ ወር ናት። መስከረም 1 ቀን የዘመን መለወጫ በዓል ስለሆነ፣ ልጃገረዶች አደይ አበባና ለምለም ቄጤማ ይዘው እየዘፈኑ በየቤቱ ይዞራሉ፤ ወንዶች ልጆች ደግሞ አበባ፣ ፀሐይ ወይም መልአክ የሣሉበትን ወረቀት ለጎረቤት ያበረክታሉ። ሥዕሉን የተቀበለ ሰው «ከዓመት ዓመት ያድርስህ» ብሎ ይመርቃል፤ ሳንቲም ወይም ዳቦ ይሰጣል።

አንድ ሥዕል መሣል ቀላል ነው፤ ለሃያ ጎረቤት ሃያ ሥዕል ማዘጋጀት ግን ጊዜ ይፈጃል። ለዚህ ችግር መፍትሔ ከሚሆኑት ዘዴዎች አንዱ ስቴንስል ነው። ስቴንስል ማለት ቅርጽ ተቆርጦ የወጣለትና ቀለም በክፍተቱ ብቻ እንዲያልፍ የሚያደርግ ወፍራም ወረቀት ነው።

አሠራሩም እንደሚከተለው ነው። በመጀመሪያ የአደይ አበባ ቅርጽ በካርቶን ላይ በእርሳስ ይነደፋል። ቀጥሎም የአበባው ቅጠሎች በምላጭ በጥንቃቄ ተቆርጠው ይወጣሉ። በዚህ ጊዜ በቅጠሎቹና በአበባው እምብርት መካከል ቀጫጭን ማያያዣ መተው ያስፈልጋል፤ አለዚያ እምብርቱ አብሮ ወድቆ አበባው አንድ ትልቅ ቀዳዳ ይሆናል።

ከዚያም ካርቶኑ በነጭ ወረቀት ላይ ተደርጎ እንዳይንቀሳቀስ ይያዛል። ቢጫ አክሪሊክ ቀለም በስፖንጅ ቁራጭ ጫፍ በጥቂቱ እየተነካ፣ ክፍተቶቹ መታ መታ እየተደረጉ ይቀባሉ። ቀለሙ ውሃ ከበዛበት በካርቶኑ ሥር ሾልኮ የአበባውን ጠርዝ ያበላሻል። ካርቶኑም ቀጥ ብሎ ይነሣል እንጂ አይጎተትም። አክሪሊክ ቀለም ውሃው ሲተን እንደ ስስ ፕላስቲክ ሆኖ ስለሚደርቅ፣ ከደረቀ በኋላ አረንጓዴ ግንድ ቢታከልበት ቀለማቱ አይደባለቁም። ተራው የውሃ ቀለም ግን ከደረቀም በኋላ ውሃ ሲነካው እንደገና ይሟሟል። በዚሁ ምክንያት አክሪሊክ የነካው ብሩሽ ቀለሙ ሳይደርቅበት መታጠብ አለበት።

ስቴንስል ድካምን ይቀንሳል እንጂ ሥዕሉን አይሥልም። ሃያውም አበባ አንድ ዓይነት ከሆነ ከታተመ ካርድ አይለይም። ስለሆነም ብልህ ልጅ አበባውን በስቴንስል ካወጣ በኋላ በእጁ ይጨምርበታል፤ ለአንዱ ጎረቤት ንብ፣ ለሌላው ወፍ፣ በዕድሜ ለገፉት እናት ደግሞ የቤታቸውን በር ይሥላል።

በአሁኑ ጊዜ የታተሙ ሥዕሎች በገበያ ስለሚሸጡ ገዝቶ ማደል ይቻላል። ነገር ግን ሥዕሉን የሚቀበሉት አረጋዊ መነጽራቸውን አድርገው «ልጄ፣ አንተ ነህ የሣልኸው?» ብለው ይጠይቁ ይሆናል። ምርቃቱ ሙሉ የሚሆነው ለዚህ ጥያቄ ሳያፍሩ «አዎን» ለማለት ሲቻል ነው።

የምንባብ ጥያቄዎች

1. በአበባው ቅጠሎችና በእምብርቱ መካከል ማያያዣ የሚተወው ለምንድን ነው?
2. አክሪሊክ ቀለም ከተራው የውሃ ቀለም በምን ይለያል?
3. «ስቴንስል ድካምን ይቀንሳል እንጂ ሥዕሉን አይሥልም» የሚለውን ዓረፍተ ነገር በራሳችሁ አባባል አብራሩ።