ለቃጠሎ ክፍል አዲስ ነርስ

ልጄ፣ ቃጠሎ ክፍል መመደብሽን ሰምቼ ደስ አለኝ። ዕድሜዬን የሠራሁበት ቦታ ነውና ጥቂት ልምከርሽ።

1. ቆዳ ከመተከሉ በፊት ቁስሉን በደንብ እዪ። ቀይና ንጹሕ ከሆነ ይቀበላል። መግል ከያዘ ወይም ከገረጣ ግን ሐኪሙ ቢቸኩልም በአክብሮት ተናገሪ። ዝም ካልሽ ከበሽተኛው ጭን የተነሳው ቆዳ በከንቱ ይበሰብሳል።

2. እናት «ከእኔ ውሰዱለት» ትልሻለች። አረፍ ብለሽ አስረጃት፦ የሌላ ሰው ቆዳ ለጊዜው ቢሸፍንም ሰውነት ባዕድነቱን ለይቶ በሳምንታት ውስጥ ይጥለዋል። እሷ ግን እንቁላል፣ ምስርና ወተት ታምጣለት፤ ቁስል ያለ ምግብ አይድንም። ጾም ከሆነም የንስሐ አባቷን ታማክር፤ በሽተኛ ይፈታለታል።

3. ቃጠሎው ሰፊ ሆኖ ጤነኛ ቆዳ ሲያንስ፣ ታነርና ባልደረቦቹ በ1964 እ.ኤ.አ. ባስተዋወቁት መሣሪያ ቆዳው ይበሳና እንደ መረብ ይዘረጋል። ቀዳዳዎቹ ፈሳሽም ያሳልፋሉ። ቤተሰብ ሲያየው እንዳይደነግጥ አስቀድመሽ ንገሪ።

4. ትልቁ ሥራሽ ከተከላው በኋላ ነው። በመጀመሪያዎቹ 48 ሰዓታት ገደማ ቆዳው ደም አያገኝም፤ ከቁስሉ በሚመነጨው ፈሳሽ ይቆያል። ከዚያ በኋላ ጥቃቅን የደም ሥሮች ከሥሩ ይገጥሙታል። በቆዳውና በቁስሉ መካከል ደም ከቋጠረ ወይም ቆዳው ከተንሸራተተ ይሞታል። ስለዚህ አንሶላ ስትቀይሪ፣ ጠያቂ አልጋው ጫፍ ላይ ሲቀመጥ፣ ዓይንሽ ከተተከለው ቆዳ አይነሳ። አብዛኛውን ጊዜ በ5ኛው ቀን ገደማ ፋሻው ሲፈታ ጎዙን በሳላይን በደንብ አርሺው፤ የጎዙን ጫፍ በፒንሴት ይዘሽ ቀስ እያልሽ ላጪው። ሮዝ መስሎ፣ ሲጫኑት ነጥቶ ተመልሶ ከቀላ ይዟል።

5. ቆዳው የተነሳበትን ጭን አትርሺ። ዙር የሚወጡት ሐኪሞች የሚያዩት የተተከለውን ነው፤ በሽተኛውን እንቅልፍ የሚነሳው ግን ብዙውን ጊዜ ጭኑ ነው። ይህን ሥቃይ ያመጣነው እኛ ነን፣ ስለዚህ ማስታገሻውን ፋሻ ከመንካትሽ በፊት ስጪው። የተጣበቀ ጎዝ አትጎትቺ። አዲሱ ቆዳ የሚበቅለው ከጸጉር ሥር ከቀሩት ሕዋሳት ነው፤ ጎዙን ስትጎትቺ እነሱንም ትነቅያለሽ። በ2 ሳምንት ገደማ ከሥር ሲድን ራሱ ይለቃል። ከሸተተ ወይም መግል ካመጣ ሐኪም ጥሪ።

6. የተተከለው ክርን፣ ጉልበት ወይም እጅ ላይ ከሆነ ቆዳው እየጠበቀ መገጣጠሚያውን ያጥፈዋል። ስፕሊንቱን እንዴት እንደሚያስር በሽተኛው ራሱ በፊትሽ አስሮ ያሳይሽ፤ የፊዚዮቴራፒ ቀጠሮም ሳይያዝለት ከዋርድ አይውጣ።