ተረከዝ ሥር ያለ ጥርስ

በካናዳዋ ቶሮንቶ፣ በአንድ የተሐድሶ ሕክምና ተቋም ውስጥ፣ ወለሉ በሙሉ በረዶ የሆነ የምርምር ክፍል አለ። ፈቃደኛ ሰዎች ከላይ በተንጠለጠለ የደኅንነት ቀበቶ ይታሰሩና የሚፈተሸውን ጫማ አጥልቀው ሽቅብና ቁልቁል ይራመዳሉ። ክፍሉ እንዳለ ያዘነብላል፤ ተዳፋቱ ዲግሪ በዲግሪ ይጨመርና እግር የሚከዳበት ማዕዘን ይመዘገባል። ማለፊያው 7 ዲግሪ ነው። ብዙ አይደለም፤ የእግረኛ መንገድ ወደ አስፋልት የሚወርድባት አጭር ተዳፋት ያህል ናት። ተቋሙ እ.ኤ.አ. በ2016 ይፋ ባደረገው ውጤት፣ ከተፈተሹት 98 የብርድ ወራት ጫማዎች ማለፊያውን ያገኙት 9 ብቻ ነበሩ።

የተፈተሹት ጫማዎች ለብርድ ተብለው የተሠሩ ናቸው። ውስጣቸው ያሞቃል፣ ውኃ አያስገቡም። ሙቀትና መቆንጠጥ ግን ለየቅል ናቸው፤ ገዢ አብዛኛውን ጊዜ የሚከፍለው ለመጀመሪያው ነው። ከአዲስ አበባ ወይም ከሐዋሳ ተነስቶ በጥር ሚኒያፖሊስ፣ ካልጋሪ ወይም ስቶክሆልም የሚገባ ሰውን ለመቀበል ዘመድ አውሮፕላን ማረፊያ ይዞ የሚሄደው ወፍራም ካፖርት ነው። በጫማ ላይ የሚጠለቀውን፣ ከታች የብረት ጥርስ ያለውን የጎማ መያዣ፣ ሱቆቹ «አይስ ክሊት» የሚሉትን፣ ያስታወሰ ዘመድ ብዙ አይገኝም። ዋጋው ግን ከካፖርቱ ጋር የሚወዳደር አይደለም።

በረዶ የሚያንሸራትተው ላዩ ላይ ያሉት የውኃ ሞለኪውሎች እንደ ውስጦቹ አጥብቀው ስላልተያያዙ ነው። ብርዱ በጨመረ ቁጥር በረዶው ይበልጥ ያንሸራትታል ብሎ የሚያስብ ሰው ይሳሳታል። እ.ኤ.አ. በ2018 የአምስተርዳምና የማይንዝ ተመራማሪዎች ባወጡት ጥናት፣ በረዶ እጅግ አንሸራታች ሆኖ የተገኘው ከዜሮ በታች 7 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ላይ ነበር። ቴርሞሜትሩ ከዚያ እጅግ እየወረደ ሲሄድ መንሸራተቱ ይቀንሳል። ለእግረኛ ክፉው ቀን እንግዲህ ጆሮ የሚቆርጠው ቀን ላይሆን ይችላል። ቀን ፀሐይ ያቀለጠው ማታ እንደገና ሲረጋና አስፋልቱ ጥቁር እንደሆነ በስስ በረዶ ሲሸፈን፣ በማግስቱ ማለዳ የሚወጣው ሰው የሚረግጠውን አያየውም። የማለዳ ሽፍት ያለባቸው የነርሲንግ ሆም፣ የፓርኪንግና የአውሮፕላን ማረፊያ ሠራተኞች ይህን መንገድ ጨው ሳይበተንበት ነው የሚያገኙት።

ሰው ሲራመድ መሬት የሚነካው መጀመሪያ ተረከዙ ነው። በዚያች ቅጽበት እግሩ ወደፊት የተዘረጋ ሲሆን የሰውነት ክብደት ገና ከኋላ እየመጣ ነው። ተረከዙ ካመለጠ እግር ወደፊት ይሄዳል፣ ሰውየው በጀርባው ይወድቃል፤ የሚመታው ዳሌ፣ የእጅ አንጓ ወይም የጭንቅላት ኋላ ነው። በጣቶቹ ሲገፋ የሚንሸራተት ሰው ግን ብዙውን ጊዜ ተንገዳግዶ ይተርፋል። ስለዚህ ክሊት ሲገዛ መጀመሪያ ገልብጦ ማየት ነው፦ ተረከዙ ሥር ጥርስ አለው? ከፊት በኩል ብቻ ጥርስ ያላቸው፣ ዋጋቸው የሚያማልል ክሊቶች ይሸጣሉ፤ ዋናውን አደጋ ግን አይነኩትም። በሰሜን ስዊድን በሉሌዮ ተመራማሪዎች ባዶ በረዶን እንዲሁም አሸዋና ጠጠር የተበተነባቸውን መንገዶች ጨምሮ በልዩ ልዩ ወለል ላይ ሰዎችን አስጉዘው የተለያዩ መከላከያዎችን ሲያወዳድሩ፣ ከሁሉ የተመረጠው በተረከዝ ላይ የሚታሰር ዓይነት ነበር።

የክሊት ዘር ማንዘሩ ተራራ ላይ ነው። እንግሊዛዊው ኦስካር ኤከንስታይን እ.ኤ.አ. በ1908 ገደማ የነደፈውን ባለ 10 ጥርስ የተራራ መውጫ ብረት የቀጠቀጠው በጣሊያን አልፕስ የኩርማየር አንጥረኛ ሄንሪ ግሪቬል ነው። የዛሬው የከተማ ክሊት የዚያ ታናሽ ወንድም ቢሆን ነው። ጠመዝማዛ ሽቦ የተጠመጠመበት ቀላሉ ዓይነት ለተረገጠና ለተጠቀጠቀ በረዶ ይስማማል፤ መስታወት በመሰለ እርጥብ በረዶ ላይ ግን ይሰንፋል። ለዚያ የሚሻለው ጫፉ ካርባይድ የሆነ ምስማር ያለው ነው፤ በአስፋልት ላይም ቶሎ አይዶለዱምም። በሰንሰለት ላይ ረዣዥም ጥርስ የተደረደረበት ደግሞ ለጫካና ለዳገት የተሠራ ነው፤ ለአውቶቡስ ፌርማታ ይበዛል።

ክሊት ይሠራል ወይ ለሚለው ጥያቄ መልስ አለ። በአሜሪካ ዊስኮንሲን ግዛት ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2005 በታተመ ጥናት፣ ዕድሜያቸው 65 እና ከዚያ በላይ የሆነ፣ መውደቅ የሚያጠቃቸው 109 ሰዎች በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ። ግማሾቹ ባለ ሽቦውን ክሊት አጠለቁ፣ የቀሩት በለመዱት ጫማ ቀጠሉ። ከቤት ውጭ የመውደቅ አደጋ ክሊት ባጠለቁት ዘንድ ከግማሽ በታች ወረደ። ብዙ የስዊድን ማዘጋጃ ቤቶችም ለአረጋውያን ነዋሪዎቻቸው ክሊት በነፃ ያድላሉ። ዳሌ ከመጠገን ክሊት ማደል እንደሚረክስ ለማወቅ የሒሳብ ሊቅ መሆን አያስፈልግም።

ገናና ጥምቀት የሚውሉት የሰሜኑ ብርድ በሚበረታበት ወቅት ነው። ልጃቸውን ሊያርሱ ከአገር ቤት የመጡ እናት ነጠላቸውን አጣፍተው በሌሊት ለቅዳሴ ሲወጡ፣ ከመኪናው እስከ ቤተ ክርስቲያኑ በር ያለችው ፓርኪንግ ከመንገዱ ሁሉ ትከፋለች። «እማዬ፣ ቁጭ ይበሉና ላጥልቅልዎ» ማለት እዚህ ላይ ነው። ቆሞ በአንድ እግር ክሊት ለማጥለቅ መታገል ራሱ ይጥላል። ጎማው መጀመሪያ ጣቶቹ በኩል ይገባል፣ ከዚያ ወደ ኋላ ተስቦ ተረከዙን ያቅፋል፤ ጥርሶቹ መሃል ላይ መዋላቸውና ጎማው ወደ ጎን አለመጠምዘዙ ይታያል። መኪና ውስጥ ያደረ ጎማ ይገረርና እንቢ ስለሚል ክሊት የሚቀመጠው ቤት ውስጥ ነው።

ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ጫማ ስለሚወልቅ ክሊቱም አብሮ በር ላይ ይቀራል። ሌላ ቦታ እንዲህ አይቀልም። በሞል እብነ በረድ፣ በባቡር ጣቢያ ሸክላ ንጣፍና በሆስፒታል ኮሪደር ላይ ብረቱ የሚነክሰው ነገር ስለሌለው በረዶ ላይ ያዳነው ክሊት ራሱ ይጥላል። በር ላይ ይወልቃል፣ በትንሽ ፌስታል ቦርሳ ውስጥ ይገባል። መኪና የሚነዳ ሰውም ፔዳሉን ከመርገጡ በፊት ያወልቀዋል።

ክሊት አጥልቆ እንደ ሰኔ መንገድ መፈትለክም አያዋጣም። የጀርመን የአጥንት ሐኪሞች ማኅበር እንደ ፔንጉዊን መራመድን ይመክራል፦ አጭር እርምጃ፣ ጣቶች ትንሽ ወደ ውጭ፣ ክብደት በፊተኛው እግር ላይ፣ እጅ ከኪስ ውጭ። ለተመልካች ያስቃል፤ ይሁን።

ቤት ሲደረስ ጨውና ጭቃው በውኃ ይታጠባል፣ አለዚያ ሽቦውን ዝገት ይበላዋል። ከማሞቂያ ርቆ ይደርቃል። ጎማው መሰንጠቅ የጀመረ፣ ምስማሩ የወለቀ ወይም ዶልዱሞ የጠፋ ክሊት ይጣላል። ሲገዙ የሚያጠልቁበትን ቡት ይዘው ሱቅ ይሂዱ፤ ክሊት የሚለካው በጫማው የውጭ መጠን እንጂ በእግር አይደለም። የመጀመሪያው በረዶ እስኪጥል አይጠብቁ፤ በጥቅምት ይግዙ።