ባጃጅ ለምን ይገለበጣል?

ወረታ የሦስት መንገድ መገናኛ ናት። አንዱ መንገድ ከባሕር ዳር፣ አንዱ ከጎንደር፣ ሦስተኛው ከደብረ ታቦር መጥተው እዚያ ይገናኛሉ። ከአውቶቡስ የወረደ መንገደኛ፣ ሩዙን ሊያስፈለፍል የመጣ ገበሬ፣ ወደ ወንዛዬ ፍል ውኃ ለመሄድ መኪና የሚፈልግ በሽተኛ፣ ሁሉም በከተማው ውስጥ ባጃጅ ይጠራሉ። ባጃጅ የሚነዳ ወጣትም እንጀራው ከዚያው ነው። ነገር ግን ባጃጅ በአንድ አፍታ ሊገለበጥ ይችላል። ሲገለበጥ ደግሞ የሹፌሩ እንጀራ ብቻ ሳይሆን የተሳፋሪው ሕይወትም አብሮ ይወድቃል። ስለዚህ አዲስ ነጂ ሁሉ ቁልፍ ከመያዙ በፊት ይህን ጥያቄ መመለስ አለበት። ባጃጅ ለምን ይገለበጣል?

እኛ ከዩኒቨርሲቲ የመጣን አስተማሪዎች ስሌቱን ከመጽሐፍ ይዘን መጥተናል። የፎገራን ጭቃና አቧራ ግን እናንተ ታውቁታላችሁ። እስቲ ሁለቱን እናገናኛቸው።

ባጃጅ የአንድ የህንድ ኩባንያ ስም ነው። እኛ ግን ማንኛውንም ባለ ሦስት ጎማ ተሽከርካሪ ባጃጅ እንለዋለን። ከፊት አንድ ጎማ፣ ከኋላ ሁለት ጎማ አለው። ይህ አሠራር አዲስ አይደለም። ጀርመናዊው ካርል ቤንዝ በ1886 እ.ኤ.አ. በስሙ ያስመዘገበው መኪና ባለ ሦስት ጎማ ነበር። በ1948 እ.ኤ.አ. ደግሞ ፒያጆ የተባለው የኢጣሊያ ኩባንያ «አፔ» የተባለ ባለ ሦስት ጎማ ሠራ። አፔ በጣሊያንኛ ንብ ማለት ነው። የዛሬው ባጃጅ የዚያች ንብ ዘር ነው።

የሦስት እግር ደግነትና ክፋት

ባለ ሦስት እግር በርጩማን አስቡ። ወለሉ ወጣ ገባ ቢሆንም አይንገዳገድም፤ ሦስቱም እግሮች ሁልጊዜ መሬት ይነካሉ። ሦስት ጉልቻም ድስቱን ጸጥ አድርጎ የሚይዘው በዚሁ ምክንያት ነው። ይህ ደግነቱ ነው። ክፋቱስ? በርጩማው ላይ ተቀምጣችሁ በሁለት እግሮች መካከል ወዳለው ባዶ ቦታ አጋድሉ። ወዲያው ይዟችሁ ይወድቃል።

አሁን እንጨት ያዙና መሬት ላይ ሥሩ። ለፊት ጎማ አንድ ነጥብ፣ ለኋላ ጎማዎች ሁለት ነጥብ አድርጉ። ሦስቱን በመስመር አገናኙ። የባጃጁና የጭነቱ ክብደት ሁሉ በአንድ ቦታ የተሰበሰበ ያህል የሚቆጠርበት ነጥብ አለ፤ የክብደት ማዕከል ይባላል። ይህ ነጥብ በመስመሮቹ ውስጥ እስካለ ድረስ የቆመ ባጃጅ አይወድቅም። ሥዕሉ ግን ወደ ፊት በሄደ ቁጥር እየጠበበ ይሄዳል። ስለዚህ ክብደት ወደ ፊት በመጣ ቁጥር ለመውደቅ ይቀርባል።

ለምሳሌ ሁለቱ የኋላ ጎማዎች በ120 ሳንቲ ሜትር ይራራቁ እንበል። ክብደቱ ከፊት ጎማ ተነሥቶ ሁለት ሦስተኛው ላይ ከሆነ ከመሐል እስከ ጎኑ መስመር 40 ሳንቲ ሜትር አለው። ወደ መካከል ከመጣ ግን 30 ሳንቲ ሜትር ብቻ ይቀረዋል። ከሹፌሩ ጎን አንድ ሰው ሲጨመር ክብደቱን ወደ ፊት ያመጣዋል፤ ወደ አንድ ጎንም ይስበዋል። ጉዳቱ ሁለት ነው።

በመታጠፊያ ላይ ምን ይሆናል?

መንገዱ ይታጠፋል፤ ክብደቱ ግን ቀጥ ብሎ መሄድ ይፈልጋል። ተሳፋሪው ወደ ውጭ የሚጋደለው ለዚህ ነው። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ይህ ግፊት አራት እጥፍ ይሆናል። በሰዓት በ15 ኪሎ ሜትር የዞራችሁትን ኩርባ በ30 ብትዞሩት አራት እጥፍ ይገፋችኋል ማለት ነው።

የክብደቱ ማዕከል ከመሬት 60 ሳንቲ ሜትር ከፍ ያለ ይሁን። ኩርባው ደግሞ ከመሐሉ እስከ ዳሩ 10 ሜትር ይሁን። ከላይ በምሳሌው 40 ሳንቲ ሜትር የነበረው ባጃጅ በስሌት በ29 ኪሎ ሜትር ገደማ ይነሣል። 30 ሳንቲ ሜትር የቀረው በ25 ይነሣል። ክብደቱ ወደ ጎን 10 ሳንቲ ሜትር ቢሳብና 20 ብቻ ቢቀረው በ20 ገደማ ይነሣል። ሞላው ሲጋደልና መንገዱ ሲያነጥር ቁጥሩ ከዚህም ይወርዳል። አያችሁ፣ አንድ ትርፍ ሰው ምን ያህል ፍጥነት እንደሚቀማ!

በሌላ አገርም ይህ ታይቷል። በአሜሪካ አምራቾች ለገጠር መንገድ የሚሠሩትን ባለ ሦስት ጎማ ሞተር፣ ከደረሰው አደጋ ብዛት የተነሣ፣ በ1988 እ.ኤ.አ. ከመንግሥት ጋር ተስማምተው መሸጥ አቁመዋል።

አዲስ ነጂ ልብ ሊላቸው የሚገቡ ነገሮች

አንደኛ፦ ሞተር ብስክሌት የለመደ ሰው ይጠንቀቅ። ሞተር ብስክሌት ወደ መታጠፊያው ውስጥ ይጋደላል፤ በማጋደል ይዞራል። ባጃጅ ግን ወደ ውስጥ አይጋደልም። መሪውን ወደምትሄዱበት በቀስታ አዙሩት፤ አትንጠቁት።

ሁለተኛ፦ ፍሬን የሚያዘው ከመታጠፊያው በፊት፣ ባጃጁ ቀጥ ብሎ ሳለ ነው። እየታጠፉ በኃይል ፍሬን መያዝ ክብደቱን ወደ ጠባቡ የፊት ጎን ይገፋዋል። በመታጠፊያው ውስጥ ነዳጅ በኃይል መስጠትም የፊት ጎማውን ያቀልለዋል፤ መሪው አልታዘዝ ይላል።

ሦስተኛ፦ ሰው ከኋላ ይቀመጥ። ዕቃ ወለል ላይ ዝቅ ብሎ ይቀመጥ። የሩዝ ኩንታል ከሹፌር ጎን ወይም ጣራ ላይ አይጫን።

አራተኛ፦ የሁለቱ የኋላ ጎማዎች ነፋስ እኩል ይሁን። መሪው ከተንቀጠቀጠ ነዳጁን ቀንሱ፣ ቀስ ብላችሁ ቁሙ። ከዚያ የፊት ጎማውን ነፋስ፣ ብሎኑንና ኩሽኔታውን አስመርምሩ።

አምስተኛ፦ መንገዱ ከሜዳው ከፍ ብሎ በተሠራበት ቦታ አንድ የኋላ ጎማ ከአስፋልቱ ጠርዝ ቢወርድ አትደንግጡ። መሪውን ወደ መንገዱ በድንገት አትመልሱት፤ የሚገለብጠው እሱ ነው። ነዳጁን ልቀቁ፣ ቀጥ ብላችሁ ፍጥነት ቀንሱ፣ ከዚያ በቀስታ ውጡ። ክረምት ላይ ርብና ጉማራ ሲሞሉ ጥቁሩ አፈር ያንሸራትታል። በጋ ላይ ደግሞ የደረቀው የጎማ ቦይ መሪውን ይዞ ይነጥቃል። በሁለቱም ወቅት መድኃኒቱ ዝግታ ነው።

አንድ ነገር እንጨምር። ለባለቤቱ የቀን ገቢ የሚያስገባ ሹፌር «አንድ ሰው ብቻ ልጨምር» ቢል የቸገረው ነገር አለ። ተሳፋሪውም «ተጠጋጉ፣ ቅርብ ነው» ይላል። ስለዚህ ኃላፊነቱ የሁለቱም ነው። ሹፌሩ ሦስት ሰው ከኋላ ጭኖ በቃኝ ይበል። ተሳፋሪውም ከሹፌሩ ጎን አልቀመጥም ማለትን ይልመድ። የአንድ ሰው ሒሳብ ነገም ይገኛል፤ ሰው ግን አይተካም።

ጥያቄዎች

1. ባለ ሦስት እግር በርጩማ ለምን አይንገዳገድም? መቼስ ይወድቃል?
2. ከሹፌሩ ጎን ሰው ሲቀመጥ የሚመጡት ሁለት ጉዳቶች ምንና ምን ናቸው?
3. ፍጥነት ከ10 ወደ 20 ኪሎ ሜትር ቢያድግ በመታጠፊያ ላይ ግፊቱ ስንት እጥፍ ይሆናል?
4. በቀበሌያችሁ ባጃጅ የሚቸገርበትን መታጠፊያ በሥዕል አሳዩ፤ ፍሬን ከየት ላይ መያዝ እንዳለበትም ተወያዩ።